ግልጽ ደብዳቤ ለክፍለ ከተማችን የሕንፃ ሹም፦ ፋይሉ ስላልተገኘ ፎቁ የለም ሊባል ነው?

የተከበሩ የሕንፃ ሹም፣

የወላጆቻችን ቤት ፎቅ የግንባታ ፈቃድ ፋይል ስለመጥፋቱ የጻፍኩትን ይህን ደብዳቤ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ መዝገብ ቤት ማስገባት እችል ነበር። አደባባይ ያወጣሁት ጉዳዩ የእኛ ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው። በአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ቤት ልሽጥ ያለ ሁሉ፣ ዛሬ ባይሆን ነገ፣ እርስዎ ቢሮ በር ላይ መሰለፉ አይቀርም።

የወላጆቻችን ቤት ምድሩ በደርግ ጊዜ፣ ፎቁ ደግሞ በ1993 ከተማዋ በዞን ስትተዳደር የተሠራ ነው። አባታችን ነፍሱን ይማረውና፣ ሶሌታውን፣ ማለትም የፎቁን የኮንክሪት ወለል፣ ያስሞላው ከዞኑ ፈቃድ አውጥቶ ነው። በ1995 ክፍለ ከተሞች ሲቋቋሙ የቤቶች ማኅደር ከቢሮ ቢሮ ተዛወረ። ዛሬ ካርታው በእጃችን አለ፤ የየዓመቱ ግብር ደረሰኝም አለ፤ የዞኑ ማኅተም ያረፈበት የፈቃድ ክፍያ ደረሰኝ ሳይቀር አለ። ፈቃዱና የጸደቀው ፕላን ግን እኛም ዘንድ፣ መንግሥት ዘንድም አልተገኘም።

ወራሽነታችንን በፍርድ ቤት አስወስነን፣ በባንክ ብድር የሚገዛ ሰው አገኘን። ባንኩ የላከው ገማች መሐንዲስ ምድሩን ክፍል በክፍል ለካ። ወደ ፎቁ ሊወጣ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አሳርፎ ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አደረገና ሜትሩን አጥፎ ኪሱ ከተተው። «የላይኛውን አልገምትም፤ ፈቃድ የለውም» አለ። እናቴ ቀና ብላ ሰገነቱን እያየች «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው ልጄ?» አለችው። ምን ይበላት? እሱም የታዘዘውን ነው የሚሠራ። ገዢው የተፈቀደለት ብድር ግማሽ ሆነና ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በአገራችን ቤት ሻጭ መሬት አይሸጥም። ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የከተማ ቦታ የመንግሥት ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሎ ዘግቶታል። የዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት ይሰጠዋል፤ መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማውረስ ይችላል። እንግዲህ ልሸጠው የተፈቀደልኝ ግንቡን ብቻ ነው። ልሸጠው የማልችለው መሬት ካርታ አለው፤ ልሸጠው የምችለው ግንብ ግን ወረቀት የለህም ተባለ!

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ወጥቶ የእርስዎን ሹመት ሲያቋቁም ፎቃችን 8 ዓመቱ ነበር። ያም ሆኖ ከሕግ በላይ እንሁን አላልንም። ትናንት በሌሊት ብሎኬት ደርድሮ ሦስተኛ ፎቅ ለቀጠለ፣ የጎረቤቱን ብርሃን ለጋረደ ሰው ምሕረት ይደረግለት የሚል ልመናም የለኝም፤ እሱ የሚገባውን ያግኝ።

ደላሎቹማ መላ አላቸው። «ስም ማዛወሩን ተዉት፣ በውክልና ሽጡት» ይላሉ። ገዢ ሙሉ ገንዘብ ይከፍላል፣ ሻጭ ውክልና ይሰጣል፣ ካርታው በሻጭ ስም እንዳለ ይቀመጣል። ወካዩ የሞተ ቀን ውክልናው አብሮት ይቀራል፤ ከዚያ ገዢና ወራሾች በችሎት ይገናኛሉ። ስመ ሀብት ሲዛወር የሚከፈለው 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥም አይገባም። ቢሮዎ በሩን በዘጋ ቁጥር ሰው የሚሄደው ወደዚህ ነው። እናቴ በዚህ አትስማማም፤ እኔም አልፈርምም።

የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ፣ ፋይሉ አለመገኘቱን በጽሑፍ ይስጡን። እስካሁን የሰማነው ሁሉ የቃል ነው፤ «ፋይሉ የለም» የሚለውን ቃል ባንክም ሆነ ይዞታ ክፍል አይቀበለውም። ቀጥሎ ቤቱ አሁን እንዳለ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ተለክቶ ፕላኑ ይሳል፤ መሐንዲስዎ መጥቶ ኮለኑን፣ ሶሌታውን፣ ደረጃውን ይፈትሽ። ወጪውን እኛ እንችላለን። ጉድለት ከተገኘ ይነገረን፣ እናጠናክራለን፤ አደገኛ ነው ከተባለም ይፍረስ፣ አንከራከርም። ደህና ከሆነ ግን የዞኑን ደረሰኝ እንደ ማስረጃ ተቀብለው የማረጋገጫ ደብዳቤ ይጻፉልን። ፋይሉ በቢሮ ዝውውር ለጠፋበት ሌላ ነዋሪም ይኸው አሠራር በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍለት፤ እያንዳንዱ የሚያውቀው ሰው ፍለጋ አይንከራተት።

መልስዎ «አይሆንም» ከሆነም በደብዳቤ፣ ምክንያቱ ተጠቅሶ፣ ማኅተም አርፎበት ይድረሰን። ይግባኝ ሰሚ ቦርድ ፊት ይዘን ልንቀርብ የምንችለው እሱን ብቻ ነውና።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የክፍለ ከተማው ነዋሪ