የጅማ ዳርቻ አቋራጮች ከመዘጋታቸው በፊት

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

ጅማ ወደ ዳር በሰፋች ቁጥር ወደ ጅሬን ኮረብታ፣ ወደ ቦዬ ረግረግና ወደ ዙሪያው ቀበሌዎች የሚያደርሱት አቋራጮች እየተዘጉ ነው። የሚዘጋቸው ግንባታ ብቻ አይደለም፤ በእረፍት ቀን እግሩን ሊያፍታታ የሚወጣው ከተሜ አረማመድም ጭምር ነው።

በክረምት ቀዩ አፈር ሲርስ የመንገዱ መሐል ይጨቀያል። ጫማውን ሊያድን የፈለገ ዳር ዳሩን ይረግጣል፤ ተከታዩ ደግሞ ከእሱም ወጣ ብሎ ያልፋል። ሁለት ክንድ የነበረው መንገድ እንዲህ እየሰፋ እርሻ ውስጥ ይገባል፤ ቦቆሎው የተረገጠበት ገበሬም እሾህ ከምሮ ይዘጋዋል። አይፈረድበትም። መፍትሔው ቦት ጫማ አድርጎ መሐሉን መርገጥ ነው። ዝናቡ ካባራ ግማሽ ቀን እንኳ ሳያልፍ ቁልቁለት ባትሞክሩ ይሻላል፤ ጭቃው የሶሉን ጥርስ ስለሚደፍነው ምንም ዓይነት ጫማ ያንሸራትታል። መግቢያው ላይ የተጋደሙትን እንጨቶች አንስታችሁ ካለፋችሁ ወዲያው መልሷቸው። ክፍት ካገኙት ከብቶቹ አዝመራ ላይ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅባቸውም።

መንገድ ስትጠይቁ «ይህ ወደ ጅሬን ይወስዳል?» አትበሉ፤ ሰው እንግዳ ላለማሳፈር «አዎ» ይላል። በኦሮምኛ «ከራን ኩን ኤሳ ጌሳ?» (ይህ መንገድ የት ያደርሳል?) በሉ፣ መንገዱ የት እንደሚያደርስ ራሱ ይነግራችኋል። ወደ ምንጭና ወደ ግቢ የሚገቡት ቀጫጭን መንገዶች እዚያው ያበቃሉ፤ የሰው ጓሮ ናቸውና ተመለሱ። የአህያ ኮቴና ፋንድያ የበዛበት ግን ብዙውን ጊዜ የገበያ መንገድ ነው። ሐሙስ ጠዋት ወደ ሂርማታ ገበያ የሚወርደውን ሰው ማየት ብቻውን ዋና ዋናዎቹን መስመሮች ያሳያል።

ቦዬ አካባቢ ጥንቃቄው ሌላ ነው። ሰው የረገጠው መንገድ አንድ ቀጭን መስመር ሲሆን፣ ጉማሬ የሚመላለስበት ግን ጎን ለጎን የጎደጎዱ ሁለት መስመሮች አሉት፤ መሐሉ ከፍ ብሎ ይቀራል። የግራና የቀኝ እግሮቹ ተራርቀው ስለሚያርፉ ነው። ላላወቀው የጋሪ ዱካ ይመስላል። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ወጥቶ ሊነጋ ሲል ይመለሳል፤ በእሱና በውኃው መካከል መገኘት ሕይወት ያሳጣል። ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላም ሆነ በማለዳ ወደ ቄጠማው ዳር አትጠጉ። በሌላውም አቅጣጫ ቢሆን 10 ሰዓት ላይ ፊታችሁን ወደ ከተማ መልሱ። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ጅብም ይወጣል።

ቦቆሎ ሲያሽት ጦጣና ዝንጀሮ የሚጠብቁ ልጆች ወንጭፍና ውሻ ይዘው ስለሚውሉ ከሩቅ ድምፅ እያሰማችሁ ቅረቡ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡናው በሚቀላበት ጊዜ ደግሞ ባለቤቶቹ ከቡናው ሥር ያልታወቀ ሰው ካዩ ሌባ ነው ብለው ቢጠረጥሩ ትክክል ናቸው፤ ሰላምታ ሰጥታችሁ፣ አስፈቅዳችሁ እለፉ፤ ካልሆነም በዋናው መንገድ ዙሩ።

መንገዱን በስልክ መመዝገብ ለሚፈልጉ፣ ካርታው አስቀድሞ ከተጫነ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ጥቅጥቅ ካለ የቡና ጥላ ሥር ግን መስመሩ በብዙ ሜትር ሊዛነፍ ስለሚችል ያንኑ መንገድ ደጋግሞ መመዝገብና ማስተያየት ያሻል። ወደ ምንጭና ወደ ግቢ የሚገቡትን ካርታ ላይ አታውጡ፤ ነገ እንግዳ ሁሉ በሰው ጓሮ ያልፋል።

ቦታ ለሚሸነሽኑት የከተማችን ባለሙያዎች የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ችካል ከመመታቱ በፊት አንድ ሐሙስ ጠዋት ከአካባቢው ሽማግሌ ጋር መስመሩን በእግር ሂዱበትና 2 ሜትር ስፋት ይዞ ፕላኑ ላይ ይግባ። ቆርቆሮ አጥር ከቆመ በኋላ ማስፈረስ ከባድ ነው። እስከዚያው ድረስ አህያ የሚነዱ እናቶችና ተማሪዎች ከባጃጅና ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፉ በአስፋልቱ ጠርዝ ይሄዳሉ።

ሁለት አንባቢዎች፣ ከጅማ