ለአረንጓዴ ሻይ ተብሎ ስለተሸጠልን የጃፓን ማንቆርቆሪያ የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ስለ 3 ኪዩሱ ማንቆርቆሪያዎችና አብሯቸው ስለተሰጠው የአጠቃቀም ወረቀት

ከሱቃችሁ በጋራ የገዛናቸው 3 ኪዩሱ፣ ማለትም ባለጎን እጀታ የጃፓን የሸክላ ሻይ ማንቆርቆሪያዎች፣ በማስታወቂያችሁ ላይ ከተጻፈው ጋር አይገናኙም። ከዚያ የባሰው ግን ሣጥኑ ውስጥ ያስገባችሁት የአማርኛ ወረቀት ነው። አንዱን ማንቆርቆሪያ ያሰነጠቀው እሱ ስለሆነ ከእሱ እንጀምራለን።

ወረቀቱ «እንደ ጀበና እሳት ላይ ያሟሹት፤ ከዚያም ውሃውንና ቅጠሉን አብረው ለ5 ደቂቃ ያፍሉ» ይላል። ኪዩሱ እሳት ላይ አይጣድም፤ አይሟሽምም። በጃፓን አይቺ ግዛት፣ ቶኮናሜ ከተማ የሚሠራው ቀይ ሸክላ ስስና ጥብቅ ነው። ታቹ ብቻውን ሲግል ከቀረው ገላው ጋር እኩል ስለማይሰፋ ይሰነጠቃል። በወረቀቱ መሠረት የተጣደው ማንቆርቆሪያ ከታቹ ተነሥቶ እስከ እጀታው ሥር በፀጉር መሰል መስመር ተሰንጥቋል። ሲደርቅ አይታይም፤ ሙቅ ውሃ ሲገባበት ግን መስመሩ ይጠቁርና ያልበዋል። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ኪዩሱን ከቴትሱቢን ጋር ያምታታው ይመስለናል። ቴትሱቢን የብረት ማንቆርቆሪያ ነው፤ ሥራውም ውሃ ማፍላት እንጂ ቅጠል መዘፍዘፍ አይደለም። ሌላው ቀርቶ ውስጡ ቅብ የሆነው የብረት ሻይ ማንቆርቆሪያ እንኳ ቅቡ ስለሚረግፍ እሳት አይነካውም።

ቅጠሉን ማፍላትም ሻዩን ያበላሸዋል። ውሃው በጋለ ቁጥር መራራውና አፍ የሚያደርቀው ካቴኪን በብዛት ይወጣል፤ ጣፋጭነት የሚሰጠው ቲያኒን ግን በለዘብተኛ ሙቀትም ይወጣል። ለዚህ ነው ሴንቻ የተባለው የተለመደው የጃፓን አረንጓዴ ሻይ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ፣ በጥላ የሚያድገው ግዮኩሮ ደግሞ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በሆነ ውሃ የሚዘፈዘፈው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሃ ከዕቃ ወደ ቀዝቃዛ ዕቃ በተገለበጠ ቁጥር ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ እዚህ ከተማ የፈላውን ውሃ 2 ጊዜ መገልበጥ ለሴንቻ ይበቃል፤ ቴርሞሜትርም አያስፈልግም። ይህን አንድ መስመር ጽፋችሁበት ቢሆን ኖሮ ወረቀታችሁ ጥሩ ወረቀት ይሆን ነበር።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ማስታወቂያው «200 ሚሊ ሊትር፣ ሳሳሜ ማጥለያ ያለው» ይላል። ሳሳሜ ማለት ከራሱ ከሸክላው ተሠርቶ ማፍሰሻው ሥር የተለጠፈ፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ማጥለያ ነው። የደረሰን ግን እስከ አፉ 360 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ከአፉ ላይ የሽቦ ቅርጫት የተንጠለጠለበት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል፤ አይደለም። ለሁለት ሰው የሚያስፈልገው 4 ግራም ቅጠልና 160 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። ይህ ውሃ በ360ው ማንቆርቆሪያ ውስጥ ታች ይቀርና የቅርጫቱን ቂጥ ብቻ ይነካል። ከላይ ያለው ቅጠል ሳይርስ ይቀራል፤ የታችኛውም ታፍኖ መዘርጋት ያቅተዋል። ቅርጫቱን አውጥተን ስንሞክር ደግሞ ከማፍሰሻው ሥር ያሉት 6 ትልልቅ ቀዳዳዎች አብራችሁ የሸጣችሁልንን ፉካሙሺ አያግዱትም። ፉካሙሺ ረጅም ጊዜ በእንፋሎት የተቀቀለ፣ ብዙ ድቃቂ ያለው ሻይ ስለሆነ ሳሳሜ የሚያስፈልገው በተለይ እሱ ነበር።

ክዳኑም የዚህ ማንቆርቆሪያ አይደለም። በቶኮናሜ ክዳኑ ከገላው ጋር ተፋጭቶ ስለሚገጣጠም የአንዱ ለሌላው አይሆንም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ውሃ ሞልቶ እያፈሰሱ የክዳኑን ቀዳዳ በጣት መድፈን። በደንብ የገጠመ ከሆነ ፍሰቱ ይቆማል። ከ3ቱ በ2ቱ ውሃው መፍሰሱን ቀጠለ፤ በክዳኑ ዙሪያም እየተንጠባጠበ አውራ ጣት ያቃጥላል።

የሸማች ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተደነገገ ነው። ስለሆነም የተሰነጠቀው ዋጋ እንዲመለስልን፣ የቀሩት ሁለቱም በማስታወቂያው በተጻፈው ዓይነት እንዲቀየሩልን፣ ወረቀቱም ከሣጥኖቹ ሁሉ እንዲወጣ እንጠይቃለን። በምትኩ የሚከተለውን ማተም ትችላላችሁ፤ ፈቃዳችን ነው።

«እሳት ላይ አይጣዱት። 4 ግራም ሴንቻ ይጨምሩ፤ ከፈላ በኋላ 2 ጊዜ ከዕቃ ወደ ቀዝቃዛ ዕቃ የተገለበጠ 160 ሚሊ ሊትር ውሃ ያፍስሱበትና ሳይነቀንቁ 1 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ፉካሙሺ ከሆነ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ይበቃል። ለሁለቱ ሲኒ በየተራ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ይቅዱ፤ የቀረ ውሃ ሁለተኛውን ዙር ያመርረዋል። ለሁለተኛው ዙር ውሃው ጋል ይበል፤ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በቂ ነው። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል አይጨምሩ፤ ያልተቀባ ሸክላ ሽታ ይይዛል። በሳሙና ሳይሆን በሙቅ ውሃ አጥበው፣ ክዳኑን ከፍተው ያድርቁት።»

ሱቃችሁ ውስጥ ገና ያልተሸጡ ሣጥኖች እንዳሉ አይተናልና ወረቀቱን የማውጣቱ ነገር ከእኛ ገንዘብ ይቅደም። ለቀረው ምላሻችሁን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሠላምታ ጋር
የ3ቱ ማንቆርቆሪያዎች ገዢዎች