አስታማሚ ከ«አታግሉ» ያለፈ ይነገረው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ኤችአይቪ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «አታግሉ» ብሎ ያበቃል። ምክሩ ትክክል ነው። ቫይረሱ በደሙ ካለ ሰው ጋር አንድ ቤት የሚኖር ሰው ግን ሌላም ጥያቄ አለው፤ ክኒኑ ቢረሳስ? ጨጓራውን ቢያመውስ? ሲያስል መቼ ልደንግጥ? ይህን የሚመልስ ጽሑፍ ስላጣን ነው የምንጽፈው።

ዛሬ በብዙ አገሮች አዋቂዎች ሕክምና የሚጀምሩት በቀን አንዴ በሚዋጥ አንድ ክኒን ነው። 300 ሚሊግራም ቴኖፎቪር፣ 300 ሚሊግራም ላሚቩዲንና 50 ሚሊግራም ዶሉቴግራቪር ይዟል፤ ከምግብ ጋርም በባዶ ሆድም ይዋጣል። ቫይረሱን እንዳይራባ ያፍነዋል እንጂ ከሰውነት ጠርጎ አያወጣውም። ስለዚህ «ተሽሎኛል» ተብሎ ሲቆም በጥቂት ሳምንታት ያገረሻል፤ አንዴ እየተዋጠ አንዴ እየተተወ ሲሄድ ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን የመላመድ ዕድል ያገኛል። የተረሳ ክኒን፣ የሚቀጥለው ሊደርስ ከ4 ሰዓታት በላይ ከቀረ እንደታወሰ ይዋጣል፤ ካነሰ ይታለፋል። ለማካካስ ሁለት በአንዴ አይዋጥም። እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ደግሞ ጠዋት ቢወስደው ይሻላል።

ብዙም የማይነገረው የጨጓራ ማስታገሻ ጉዳይ ነው። አሉሚኒየም ወይም ማግኒዥየም ያለበት ሽሮፕና የሚታኘክ ክኒን ዶሉቴግራቪርን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ሰውየው አንድ ቀን ሳያጓድል እየዋጠ የቫይረሱ መጠን አልወርድ ሊል ይችላል። ያኔ «አልዋጥክም» ብሎ የሚወቅሰው ብዙ ነው፤ ስለ ሽሮፑ የሚጠይቀው ግን ጥቂት። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ክኒኑ ከማስታገሻው 2 ሰዓታት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓታት ዘግይቶ ይዋጥ። ለነፍሰ ጡር የሚታዘዘው የብረት ክኒንና ካልሲየምም በባዶ ሆድ ከሆነ ሕጉ ያው ነው፤ ከምግብ ጋር ከሆነ ግን አብረው መዋጥ ይችላሉ። ለቲቢ ሪፋምፒሲን የጀመረ ሰው ዶሉቴግራቪሩ በቀን 2 ጊዜ ሊሆንለት ይገባል፤ የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚንም መጠኑ እንደገና መታየት አለበት። ስለዚህ ወደ ሐኪም ሲኬድ፣ ቤት ውስጥ የሚዋጠው ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውም ጭምር፣ ተይዞ ይኬድ።

ሳልን በተመለከተ፣ ቫይረሱ በደሙ ላለ ሰው «ሁለት ሳምንት ይሙላው» የሚባለው አይሠራም። ማንኛውም ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ለቲቢ ምርመራ በቂ ምክንያት ነው። አንዳንዱ ሕክምናውን በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይብስበታል፤ ሲያገግም የተነቃቃው የመከላከል አቅም ተደብቆ የቆየውን በሽታ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ያኔ ወደ ሐኪም መሄድ እንጂ ክኒኑን በራስ ውሳኔ ማቆም አይገባም። ብርቱ ራስ ምታት ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ ግን ነገ አይባልም።

የቫይረሱ መጠን በ6ኛው ወር፣ በ12ኛው ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ይለካል። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ የቫይረሱ ቅጂ ከ1,000 ካለፈ ምክንያቱ ይፈተሽና ከ3 ወር በኋላ ይደገማል። በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ወርዶ እዚያው የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላው አያስተላልፍም። ማንኪያና ኩባያ መለየት ቀድሞም ትርጉም አልነበረውም። ደም ከፈሰሰ በጓንት ይጠረግና፣ 1 እጅ ባለ 5 በመቶ በረኪና በ9 እጅ ውኃ ተበጥብጦ ቦታው ላይ 10 ደቂቃ ይቆይ። ቫይረሱ ያለበት ደም በነካው መርፌ ሳያስበው የተወጋ ሰው በ72 ሰዓታት ውስጥ መከላከያ መድኃኒት ጀምሮ 28 ቀን መውሰድ አለበት፤ በቶሎ በጀመረ ቁጥር ይሻላል።

«አታግሉ» የሚለው ወደ ክኒኑ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። እንግዳ እንዳያይበት ብሎ ክኒኑን ከጠርሙሱ አውጥቶ በወረቀት የሚጠቀልል ሰው አለ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ከረጢት እርጥበት የምትመጥ ናት፤ ከእሷ የተለየ ክኒን እርጥበት ያገኘዋል። ቤተሰቡ ሊያደርግ የሚችለው አንድ ነገር፣ ጠርሙሱ እንዳለ የሚቀመጥበትን፣ የእንግዳ ዓይን የማያርፍበትን ቦታ ከክኒኑ ባለቤት ጋር ተነጋግሮ መምረጥ ነው።

በኤችአይቪ ሕክምና ላይ የምንሠራ አንባቢዎች