የፀጉር ቤቱ «ቋ» ይቅርብን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በየፀጉር ቤቱ የለመድነው ነገር አለ። ደንበኛው ፀጉሩን ከተስተካከለ በኋላ ማጅራቱ ይታሻል፤ ከዚያ አገጩና ጭንቅላቱ ተይዞ አንገቱ በድንገት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል። «ቋ» ሲል ሁለቱም ይረካሉ። ማሸቱን አንቃወምም፤ ጥምዘዛው ግን መቅረት አለበት።

ድምፁ አጥንት ቦታው ገባ ማለት አይደለም። መጋጠሚያው ድንገት ሲለጠጥ በውስጡ ባለው ፈሳሽ ላይ ያለው ግፊት ይቀንስና የጋዝ አረፋ ይፈጠራል፤ ጣት ስናንቋቋም ይኸው ነው። ያው መጋጠሚያ ለ20 ደቂቃ ያህል ዳግም የማይጮኸውም ለዚህ ነው። የመቅለሉ ስሜት እውነት ቢሆንም ብዙ አይቆይም።

አንገት 7 አንጓዎች አሉት። ለአንጎል የኋላ ክፍል ደም የሚያደርሱት ሁለት ቧንቧዎች ከ6ኛው አንጓ ጀምሮ በአንጓዎቹ ጎን ባሉ ቀዳዳዎች ሽቅብ ይወጣሉ። ጭንቅላት ወደ ጎን ሲዞር የዙረቱ ግማሽ ያህል የሚመጣው ከላይኞቹ ሁለት አንጓዎች መካከል ስለሆነ፣ ቧንቧው ይበልጥ የሚወጠረው እዚያ ነው። ድንገተኛ ጥምዘዛ የውስጥ ግድግዳውን ሊሰነጥቀው፣ ስንጥቁ ላይ ደም ረግቶም ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ሲደርስ ግን ወጣት ጤነኛ ሰው ይጥላል። የባሰው ደግሞ ቧንቧው አስቀድሞ የተሰነጠቀበት ሰው መጀመሪያ ላይ የሚሰማው የአንገት ሕመምና ራስ ምታት ብቻ ሊሆን መቻሉ ነው። «አንገቴን ያዘኝ፣ እሽልኝ» ብሎ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውም እሱው ነው።

ስለዚህ እጅ ከማሳረፍ በፊት መጠየቅ ይቀድማል። አደጋ ወይም መውደቅ ነበር? ትኩሳት አለ? አንገት መገተርና ትኩሳት አብረው ከመጡ ማጅራት ገትር ይጠረጠራል። ሌሊት የሚያላብ፣ ክብደት የሚያስቀንስና በእረፍት የማይሻል ሕመም የአከርካሪ ቲቢ ወይም ካንሰር ሊሆን ይችላል። የእጅ መድከም፣ የእግር መንገዳገድ ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ካለ ህብለ ሰረሰሩ ተጭኗል ማለት ሊሆን ስለሚችል ቦታው ሆስፒታል ነው። የአጥንት መሳሳት ያለበት ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድም ለጥምዘዛ አይሆንም።

ታዲያ ትክክለኛው የእጅ ሕክምና ምን ይመስላል? ባለሙያው መጀመሪያ አንገት ምን ያህል እንደሚዞር ይለካል፤ ጤነኛ አንገት በየጎኑ 80 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። ታካሚው ተኝቶ ሳለ የገተረውን አንጓ በአውራ ጣቶቹ ፈልጎ በሰከንድ 1 ወይም 2 ጊዜ፣ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ በልኩ ይጫናል፤ ይህን 2 ወይም 3 ጊዜ ደጋግሞ የአንገቱን ዙረት ዳግም ይለካል። አውስትራሊያዊው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጄፍሪ ማይትላንድ ይህን ዓይነቱን ንክኪ ከ1 እስከ 4 ደረጃ አውጥቶለታል፤ በነዚህ ታካሚው በፈለገ ሰዓት «በቃ» ማለት ይችላል። 5ኛ የሚባለው ድንገተኛው ግፊት ነው፤ «በቃ» እስኪባል አይጠብቅም። በጥናት ሲነጻጸሩም የሁለቱ ውጤት ተቀራራቢ ነው፤ አደጋውን ለምን እንደምንመርጥ አይገባንም።

ለፊዚዮቴራፒ ባልደረቦቻችንም አንድ ቅሬታ አለን። 10 ቀጠሮ ሰጥቶ ሙቀትና ማሸት ብቻ አድርጎ መሸኘት ሕክምና አይባልም። እጅ በር ይከፍታል፣ ለውጡን የሚያቆየው እንቅስቃሴ ነው። በጀርባ ተኝቶ፣ ስስ ፎጣ ከጭንቅላት ሥር አድርጎ፣ ጭንቅላት ሳያነሱ «እሺ» እንደሚል ሰው አገጭን በትንሹ ወደ ጉሮሮ መሳብ፤ 10 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፤ 10 ጊዜ መደጋገም፤ በየቀኑ ለ6 ሳምንት ያህል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ጉልበት ላይ ነው። የአንገት ፊተኛ ጅማቶች ተገትረው ከታዩ ሥራውን የወሰዱት ለቆዳ የሚቀርቡት የላይኞቹ ጡንቻዎች ናቸው፤ እኛ የምንፈልገው የውስጠኞቹን ነው። በ4 ወይም በ5 ቀጠሮ ምንም ለውጥ ካልታየ ምርመራው እንደገና ይታይ።

ከታሹ በኋላ እስከ 48 ሰዓት ጡንቻ ቢያም የተለመደ ነው። ከጥምዘዛ በኋላ ግን ማዞር፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የምላስ መተሳሰር፣ መዋጥ መቸገር ወይም የፊት መደንዘዝ ከመጣ ሰውየውን «ይለፍልሃል» ብላችሁ አታስተኙት፣ «በሌላኛው ጎን እንሞክር» ብላችሁም አትድገሙት። ጥምዘዛው የተደረገበትን ሰዓት ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች፣ ከአዲስ አበባ