የሃይድሮጂን ሞተርና የ80 ሚሊሰከንድ ውሳኔ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሃይድሮጂን የሚያቃጥሉ ሞተሮችን በማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር በሚያደርግ ዘዴ) ስለሚቆጣጠሩ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቅርቡ ያወጣችሁትን ዜና በደስታ አነበብነው። ጉዳዩ በአማርኛ ብዙም አይጻፍበትም። ሆኖም ሁለት ነጥቦች መታረም አለባቸው እንላለን።

አንደኛው «ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው» የሚለው ነው። ይህ ሃይድሮጂንን ሳያቃጥል ኤሌክትሪክ ለሚያመነጨው ፊውል ሴል ይሠራል። በሲሊንደር ውስጥ ለሚቃጠል ሃይድሮጂን ግን አይሠራም፤ አብሮት ከሚገባው አየር አራት አምስተኛው ያህል ናይትሮጂን ነውና። ቃጠሎው በጣም ሲግል ናይትሮጂኑ ከኦክስጂን ጋር ተዋህዶ ናይትሮጂን ኦክሳይድ የተባለ በካይ ጋዝ ይሆናል። ሁለተኛው «ኮምፒውተሩ ሞተሩን በራሱ መንዳት ተማረ» የሚለው አገላለጽ ነው። ይህ አባባል የሥራውን ከባዱን ክፍል ከአንባቢ ይሰውራል።

በዚህ ዘርፍ ከሚታወቁት መካከል የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲና የጀርመኑ አኽን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይገኙበታል። ከሞከሯቸው ሞተሮች አንዱ ናፍጣና ሃይድሮጂን አብሮ የሚያቃጥል ነው። ሃይድሮጂኑ ከአየሩ ጋር ይገባል፤ ጥቂት ናፍጣ ደግሞ ሲሊንደሩ ውስጥ ተረጭቶ እሳቱን ይለኩሳል። ናፍጣው የሚያስፈልገው ሃይድሮጂን በራሱ ለመቀጣጠል 585 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈልግና በመጭመቅ ብቻ እንዲነሳ መጠበቅ ስለማያስተማምን ነው። በአንጻሩ ብልጭታ ካገኘ 0.02 ሚሊጁል ገደማ ይበቃዋል። የጋለ የጭስ ቫልቭ ወይም የተቃጠለ ዘይት ቅሪት ያለጊዜው ሊያስነሳው የሚችለውም በዚሁ ጠባዩ ነው። የመቆጣጠሪያው ችግር የሚመነጨው ከዚህ ነው፦ ሃይድሮጂኑን ስታበዛ ናፍጣና ጥላሸት ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሲሊንደሩ ግፊት በድንገት ይዘላል፣ ናይትሮጂን ኦክሳይዱም ሊጨምር ይችላል።

አሁን አንድ ዑደት በቅርብ እንይ። ሞተሩ በደቂቃ 1500 ጊዜ ሲዞር አራቱ ምቶች የሚያልቁት በ80 ሚሊሰከንድ ነው። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ የተገጠመው የግፊት ሴንሰር የሞተሩ ዘንግ በዞረ በየ0.1 ዲግሪው ቢያነብ፣ አንድ ዑደት ሁለት ዙር ወይም 720 ዲግሪ ስለሆነ፣ በአንድ ዑደት 7200 ቁጥር ይሰጣል። ቃጠሎው ፒስተኑ ከላይ ከተመለሰ 60 ዲግሪ ገደማ ላይ አብቅቷል እንበል። ቀጣዩ ሃይድሮጂን የሚረጨው የአየር ማስገቢያው ምት ሲጀምር፣ 360 ዲግሪ አካባቢ ነው። በመሃል ያለው 300 ዲግሪ በጊዜ ሲለካ 33 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። በዚህች ጊዜ የተነበበው ግፊት ወደ ጉልበትና ወደ ግፊት ጭማሪ ፍጥነት መቀየር፣ የመጪዎቹ ዑደቶች ሁኔታ መተንበይ፣ የናፍጣው መርጫ ሰዓትና መጠን፣ የሃይድሮጂኑም መጠን መወሰን አለበት። ፍጥነቱ 3000 ሲደርስ ጊዜው በግማሽ ያጥራል።

የቃጠሎውን ፊዚክስ በሙሉ የሚያሰላ ሞዴል በዚህ ፍጥነት አይደርስም። ማሽን ለርኒንግ የገባው እዚህ ላይ ነው። ያለፉትን ዑደቶች የሚያስታውስ አነስተኛ ኒውራል ኔትወርክ (ከምሳሌዎች የሚማር የስሌት ሞዴል) በሙከራ መረጃ ይሠለጥንና ጉልበቱን፣ ናይትሮጂን ኦክሳይዱን፣ ጥላሸቱንና የግፊት ጭማሪውን ይተነብያል። ትንበያው አካዶስ ለተባለው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ለሆነ የስሌት ሶፍትዌር ይሰጣል። የሚፈለገውን ጉልበት አነስተኛ ናፍጣና አነስተኛ ብክለት እያወጣ የሚሰጠውን አማራጭ የሚመርጠው ይህ ስሌት ነው፤ ለምሳሌ ግፊቱ ዘንጉ በዞረ በአንድ ዲግሪ ከ10 ባር በላይ እንዳይጨምር የሚለውን ገደብም የሚያስከብረው እሱ ነው። ገደቡን የጻፈው ደግሞ መሐንዲስ ነው።

በተግባር የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ኔትወርኩ ሳይሆን የተመገበው መረጃ ነው። የፒስተኑ የላይኛው ነጥብ በ1 ዲግሪ ተዛብቶ ከተመዘገበ የሚሰላው ጉልበት እስከ 10 በመቶ ሊሳሳት ይችላል። የናይትሮጂን ኦክሳይድ ሴንሰሩ 1 ሰከንድ ቢዘገይ፣ በ1500 ዙር አሁን የሚያሳየው ከ12 ዑደት ገደማ በፊት የሆነውን ነው፤ ይህ ሳይስተካከል ከሠለጠነ ኔትወርኩ ጥፋቱን ንጹሕ በሆነው ዑደት ላይ ይለጥፋል። ሌላም አለ። መረጃው ሞተሩ በተለመደው ካርታው (አስቀድሞ በተቀመጠለት የመርጫ መጠን ሠንጠረዥ) ሲሠራ ብቻ ከተሰበሰበ ናፍጣውና ሃይድሮጂኑ ሁልጊዜ ተያይዘው ከፍና ዝቅ ስለሚሉ የትኛው ምን እንዳመጣ መለየት አይቻልም። ስለዚህ የመርጫ መጠኖቹ እርስ በርስ ሳይያያዙ፣ በአደጋ ገደቡ ውስጥ፣ በዘፈቀደ እንዲቀያየሩ ይደረጋል። አሰልቺና ነዳጅ ፈጂ ሥራ ነው፤ ዘለሉት ማለት ግን ሁሉንም ነገር ማበላሸት ነው።

ለእኛ አገር አንባቢ ከሁሉም በላይ ሊነገር የሚገባው የከፍታው ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ከባሕር ጠለል አጠገብ ላምዳ (የገባው አየር ነዳጁን ለማቃጠል ከሚያስፈልገው ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) 2.5 እንዲሆን የተለካ ሃይድሮጂን ሳይቀየር እዚህ ቢረጭ፣ አየሩ ስላነሰ ላምዳው ወደ 1.9 ይወርዳል። ከ2 በታች ሲወርድ ናይትሮጂን ኦክሳይዱ በፍጥነት ይጨምራል፣ ያለጊዜው የመቀጣጠል አደጋውም ያድጋል። በቆላ መረጃ የሠለጠነ ኔትወርክ ይህን አይቶ ስለማያውቅ የተሳሳተ ትንበያ በሙሉ ልብ ይሰጣል። ቱርቦ ችግሩን ያቃልላል እንጂ አያጠፋውም። የመግቢያው አየር ግፊትና ሙቀት ለኔትወርኩ እንደ ግብዓት መሰጠት፣ መረጃውም በከፍታ ላይ እንደገና መሰብሰብ አለበት።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ቢያሳውቅም የጭነት መኪናው፣ ትራክተሩና ጄኔሬተሩ በአብዛኛው ገና በናፍጣ ላይ ናቸው። ስለዚህ ዜናው ይመለከተናል። ይህን መሞከር የሚፈልግ የምህንድስና ክፍል ስሌቱን በክፍት ሶፍትዌርና በርካሽ አነስተኛ ኮምፒውተር ሊጀምር ይችላል። ውዱ የግፊት ሴንሰሩና የሞተር መሞከሪያው ነው። በፒስተን ቀለበቶቹ በኩል አምልጦ በዘይት ክፍሉ ውስጥ የሚከማች ሃይድሮጂን ከአየሩ 4 በመቶ ከደረሰ መቀጣጠል ስለሚችል ያ ክፍል ያለማቋረጥ መናፈስ አለበት። ጋዙን የሚዘጋው ቫልቭም ከኔትወርኩ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው የራሱ መስመር መሥራት ይኖርበታል።

ተመሳሳይ ዜና ስታወጡ ኔትወርኩ በየትኛው ሞተር፣ በምን ያህል ጭነትና ፍጥነት እንደሠለጠነ፣ ገደቡ ሲጣስም ምን እንደሚያቆመው ብትጠይቁልን እንወዳለን። ስለ ውሃው የተጻፈውን ዓረፍተ ነገርም በሚቀጥለው እትም እንድታርሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሞተር ቁጥጥር ባለሙያዎች
አዲስ አበባ