ሣር ያጨደው መንጠቆ

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ወደ ነገሬ ልግባ። ስልኩ አምስት ሳምንት ሙሉ ጠፍቶ ሲመለስ ከአንተ የደረሰኝ የመጀመሪያው ቃል «አሜሪካ ማጭድ ላከችልኝ» የሚል ሆነ፤ የላክሁልህ የዓሣ መንጠቆ ሣር ብቻ እየጎተተ ቢያስቸግርህ ነው። እኔ የእናታችንን ክፉ እንዳልሰማ ስሳል ከርሜ፣ አንተ ስለ መንጠቆ! ስቄ ሳልጨርስ እንባዬ መጣ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የላክሁልህ ድንቡልቡል እርሳስ የተጣበቀበት፣ ጫፉ የተገለጠ መንጠቆ ነበር። ርካሽ ሆኖ ባገኘው አንድ ከረጢት ሙሉ ገዛሁ፤ ሰው ለአገሩ ሲልክ ብዛቱን ነው የሚያየው። እዚህ ሚኒሶታ ሣር በሌለበት ውኃ ደህና ይሠራል። የእኛ ዳርቻ ደንገልና ፊላ መሆኑን፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሚሉት መቅሠፍት ጣና ላይ ሰፍሮ ነፋስ እንደሚነዳው መርሳት አልነበረብኝም። ውኃው ዳር ተወልጄ!

አሁን ወደ ባሕር ዳር በሚመጣ ሰው እጅ የላክሁት ሌላ ነው። መንጠቆዎቹ አንገታቸው ላይ እንደ ደረጃ የታጠፉ፣ ሆዳቸው ሰፊ ናቸው። ዓሣ ማታለያ የሆነውን የላስቲኩን ትል አፍንጫ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ወግተህ በጎን አውጣው፤ ላስቲኩን እስከ አንገቱ ስበህ መንጠቆውን አዙር፤ ከዚያ ጫፉን በሆዱ አሳልፈህ ጀርባው ላይ ከቆዳው ሥር ብቻ ደብቀው። ሣሩ የሚይዘው ነገር ያጣል፤ ዓሣው ሲነክሰው ግን ላስቲኩ ይጨመቅና ጫፉ ብቅ ይላል። ሆዱ ሰፊ የሆነውም ለዚህ ነው። ወፍራም ላስቲክ ጠባብ መንጠቆ ላይ ብታደርግ መጨመቂያ ቦታ ስለሌለው ዓሣው ተፍቶት ይሄዳል። ትሉ ጎብጦ ከተቀመጠ ውኃ ውስጥ ይሽከረከራልና ፈትተህ እንደገና ሥራው። የመንጠቆው መጠን ቁጥር 3/0 የሚለው ለ10 ሳንቲ ሜትሩ ትል፣ 5/0 የሚለው ለ17ቱ ነው።

ትሉን ወደ ታች የሚያወርደው፣ ክሩ ላይ የሚገባው ክብደት ላይ እኔም ብዙ ተሳስቻለሁ። እንደ ጥይት ሾጣጣ የሆኑትን መርጫለሁ፤ ሣር እየከፈለ የሚያልፈው ሹሉ ነው። ሣሩ ሳሳ ባለበት 5 ግራሙ ይበቃል፤ ቀስ ብሎ ሲወርድ ዓሣው ያምነዋል። እምቦጩ እንደ ምንጣፍ ከተነጠፈ ግን 28 ግራሙን አስረህ ከአጠገብህ ቀጥ አድርገህ ጣለው፤ በስቶ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ በክሩ ላይ ያለችውን ትንሿን ጎማ ገፍተህ ክብደቱን ከትሉ ራስ ጋር አጣብቀው፤ አለበለዚያ ክብደቱ ብቻውን ወርዶ ትሉ ከላይ ይቀራል። ሣሩ ከውኃ በታች ሆኖ በላዩ አንድ ክንድ ጥርት ያለ ውኃ ካለ ምንም ክብደት አታድርግ። ጥቁሮቹ ተንግስተን ከሚባል ከባድ ብረት የተሠሩ ናቸው፤ እኩል ሲመዝኑ ከእርሳስ ስለሚያንሱ በጠባብ ይሾልካሉ። ዋጋቸውን አትጠይቀኝ። እርሳስ ራሴ አቀልጣለሁ ያልከውን ተወው፤ ጢሱ መርዝ ነው፣ በተለይ በእናታችን ጓዳ እንዳላይህ። እዚህ ኒው ሃምፕሻየርና ሜይን በሚባሉ ግዛቶች ትንንሹን እርሳስ የከለከሉት የውኃ ወፎች እየዋጡት ስለሚሞቱ ነው።

ቀረሶን በዚህ አትጠብቅ። ለአምባዛና ትንንሽ ዓሣ ለሚያሳድደው ነጭ ዓሣ ነው። እዚህ እኮ ብዙዎቹ ዓሣውን ይዘው መልሰው ይለቁታል! ለእናታችን አትንገራት፣ እኔም ያበድሁ ይመስላታል።

ገንዘቡ ማነሱን አውቃለሁ። ሥራው በዚህ ወር ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም፤ ደህና እበላለሁ፣ ደህና እተኛለሁ። እሑድ ሐይቅ ዳር መቆሜም ተርፎኝ አይምሰልህ። ንጋት ላይ የውኃው ሽታ ሲመጣ ዓይኔን ጨፍኜ ዘጌ እደርሳለሁ፤ ስገልጠው የለም።

ከገንዘቡ መጀመሪያ የእናታችን ዓይን ይታይ። ሞራው በቀዶ ሕክምና ይነሣል። «ለሠርጉ ይሁን፣ እኔ ልቆይ» ብትልህ እንዳትሰማት፤ ሙሽራይቱን በጭጋግ ውስጥ ልታያት አይገባም።

ሠርጉ ጥር መሆኑንም ከአንተ ሰማሁት። እህታችን ራሷ ያልነገረችኝ «አልመጣም» የሚለውን ቃል ከአፌ ላለመስማት ይመስለኛል። ስለ መንጠቆ ስድስት መልእክት ልከህ ስለ ሙሽራው አንድ መስመር ጻፍህ! ሰው ነው? ሲቆጣ አይተኸዋል? እናታችን ስትገባ ይነሣል? ጥሎሽ ሲቀርብ በአባታችን ቦታ አንተ ቁም፤ የታላቅነት ተራዬን ነጠቅኸኝ አልልህም። የመኖሪያ ወረቀቴ ጉዳይ ቢያልቅ ኖሮ... እሱን ተወው። እንሶስላ ስትሞቅ ስልኩን አጠገቧ አስቀምጥልኝ፤ ባልናገርም ዘፈኑን ልስማ።

እሽጉ እንደደረሰህ ሞክረውና ፎቶ ላክልኝ። ሣር ብቻ ከወጣም የሣሩን ላክ።

ወንድምህ