ቀብድ ከመክፈል በፊት የውሃው መንገድ ይታይ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በድሬዳዋ ቤት ገዢዎች ካርታውን እንጂ ግድግዳውን አለማጣራታቸው ያሳስበናል። የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያደረሰው ጥፋት አይረሳም፤ ከወንዙ ርቆም ቢሆን አሸዋማው አፈር ከመሠረት ሥር በጎርፍ ይታጠባል። ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የወረደ፣ ከ5 ሚሊ ሜትር የሰፋ ስንጥቅ የመሠረት መስመጥ ምልክት ሊሆን ስለሚችል መሐንዲስ ይየው፤ ፀጉር የመሰለ የልስን ስንጥቅ ብዙም አያሰጋም። የግድግዳው ግርጌ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ እርጥበት ተሸፍኖ ይሆናል። ልስኑን በሳንቲም አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ለቋል።

ግቢው ላይ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ አፍስሱ። ወደ ቤቱ ከፈሰሰ ተዳፋቱ ተበላሽቷል፤ መሬቱ ከግድግዳው እየራቀ በሜትር ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ማንሆሉን (የፍሳሽ መፈተሻ ጉድጓዱን) አስከፍታችሁ የሽንት ቤቱን ውሃ ልቀቁ፤ ውሃው ጉድጓዱ ውስጥ ከተኛ ቱቦው ተደፍኗል ወይም ተዳፋት የለውም። ሻጩ ማስከፈት ካልፈቀደ ቀብድ አትስጡ።